ጅራቱ ሳያልፍ

ሰኔ ሲገባ፣ የአውሎ ነፋስ ወቅት ሲጀምር፣ በአንዲት ደሴት ዳር ባለችው በዊንድዋርድ መንደር ሁለት ነገር ይሰማል፤ የጀልባ ሠሪዎቹ መዶሻና የኤዝሊን ጭንቀት። መዶሻው እሑድ እሑድ ያርፋል። የኤዝሊን ጭንቀት ግን ሰንበት አያውቅም።

"ኧረ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ እታለም!" ይላታል ታናሽ ወንድሟ ጋስተን፣ ከአጥሩ ማዶ ከሚሠራት ጀልባ ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ።

"እኔን የሚያስፈራኝ ጥርት ያለው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ግን ቅጠሉን በሰኔ ከጨረስሽው ለነሐሴ ምን ሊተርፈን ነው?"

መንደሩ ይስቃል። እሷ አትስቅም። የየመስኮቱን ሳንቃ ከጓዳ አውጥታ ታራግፋለች፤ የቱ ሳንቃ የየትኛው መስኮት እንደሆነ በቀይ ቀለም የጻፈችበትን፣ ደብዝዞ ከሆነ ደግማ ታደምቀዋለች። ከአልጋዋ ሥር ብስኩት አለ፤ ሰርዲን አለ፤ ፋኖስ፣ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ፣ ውሃ ማከሚያ ጠብታ አለ። ከትራሷ አጠገብ ደግሞ ትልቁ መዶሻ ይተኛል። "ባል ቢሞትባት መዶሻ አገባች" ብሎ ያልቀለደ ጎረቤት የለም። "ጣራው ቢደረመስ በጥፍሬ ቆፍሬ ልውጣ?" ነው መልሷ።

ዘንድሮ ደግሞ ጭንቀቷ እጥፍ ሆኗል። የልጅ ልጇ ዴልሲያ ገና ክረምቱ ሲገባ ወልዳ፣ ሚካ የምትባል፣ ከዳቦ የማትበልጥ ሕፃን ታቅፋ እቤት ተኝታለች። የዴልሲያ እናት የቱሪስት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ናት፤ የምትመጣው ለገና ነው። ስልክ በደወለች ቁጥር መጨረሻ ላይ የምትለው ያው አንድ ነገር ነው፦ "እማ፣ ሁለቱንም አደራ።"

አደራ የሚለው ቃል ኤዝሊን ደረት ላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይቀመጣል። ሕፃኗ ስታስነጥስ ትነሳለች፤ ሳታስነጥስ ስትቀርም ትነሳለች።

በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበረ። ጅራቱ ሳያልፍ ሳንቃ አይነቀልም። አውሎ ነፋስ በአንድ ወገን መጥቶ ቤቱን ሲደበድብ ይቆይና ድንገት ጸጥ ይላል፤ ወፍ እንኳ ይወጣል። ያኔ ሞኝ ሰው በሩን ከፍቶ ቆርቆሮውን ሊለቅም ይሄዳል። ከዚያ ጅራቱ በሌላው ወገን ይዞራል። የኤዝሊን እናት በልጅነቷ አንድ ጎረቤታቸውን እንዲያ ሆኖ አጥታዋለች፤ እስክትሞት ድረስም ስትናገር የኖረችው፣ "አውሎ የሚገድለው ሄደ ሲሉት ነው" እያለች ነበር። ኤዝሊን ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባችው።

ነሐሴ ላይ ሬዲዮው የተፈራውን አለ፤ አውሎ እየመጣ ነው። ወንዶቹ ጀልባዎቻቸውን ወደ ውስጠኛው ወሽመጥ ወስደው ከዛፍ ሥር ጋር ጠፈሩ። ኤዝሊን ከአሸንዳው ወደ ውሃ ጉድጓዱ የሚወርደውን ቧንቧ አስነቀለች፤ የባሕር ጨውና የበሰበሰ ቅጠል መጠጥ ውሃቸው ውስጥ እንዳይገባ። ጋስተን ሳንቃውን በየመስኮቱ ሲመታ እሷ ከኋላው እየዞረች እያንዳንዱን ምስማር በጣቷ ትነካለች።

"አለቀ" አላት።

"በረንዳውስ?"

"የቱ በረንዳ?"

"የኋላው። የባሕሩ ወገን።"

"እታለም፣ በረንዳ ታሽጎ ያውቃል? ያ ሁሉ ወጀብ ሲመጣ ክፍት አልነበረም እንዴ?"

"ያኔ ሚካ አልነበረችማ! ነፋሱ ከኋላ ከገባ ጣራውን እንደ ባርኔጣ ነው የሚያነሳው። እሸገው።"

ጋስተን እያጉረመረመ ከጀልባዋ የተረፈውን ጣውላ አምጥቶ በረንዳውን ከወለል እስከ ጣራ አሸገው። ሲጨርስ የራሱን ጄኔሬተር እየጎተተ አምጥቶ በወጥ ቤቱ በር አሳልፎ እዚያው በረንዳ ላይ አስቀመጠው። እሱ ጄኔሬተሩን ከሚስቱ ፎቶ ቀጥሎ ነው የሚወደው፤ ባለፈው ዓመት የአንዱ ጎረቤት በጠራራ ፀሐይ ተሰርቋል።

"ቤት ውስጥ አይደረግም!" ጮኸች ኤዝሊን። "ሬዲዮው ምን አለ? ጭሱ ይገድላል አላለም?"

"ቤት ውስጥ ማን አደረገው? በረንዳ ላይ ነው። በረንዳ ደግሞ ውጭ ነው።"

ኤዝሊን አሰበችበት። እውነቱን ነው። እግሩ የረጠበ ሰው እስኪደርቅ የሚቆመው በረንዳ ላይ ነው፤ ዓሣ የሚፋቀው እዚያ ነው፤ ጋስተን ራሱ ጠጥቶ ሲመጣ የሚያድረው እዚያ ነው። ዕድሜዋን ሁሉ በረንዳ ውጭ ነበር።

መጨረሻ የገባው አውራ ዶሮዋ ነበር። ስሙ ዳኛው ነው፤ ሰው ሲያወራ ጣልቃ እየገባ ስለሚፈርድ። በቅርጫት ሆኖ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የበረንዳው በር ሥር ተቀመጠ።

"ይሄ ዶሮ አንድ ቀን ድስት ውስጥ ነው ችሎት የሚቀመጠው" አለ ጋስተን።

አውሎው ጠዋት ላይ ደረሰ። ስለ ድምፁ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ የሰማው ያውቀዋል፣ ላልሰማው ደግሞ አያሰማው። ቤቱ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። ኤዝሊን ዴልሲያንና ሕፃኗን መካከለኛው ክፍል ውስጥ፣ ፍራሽ በላያቸው አጋድማ፣ ራሷ ፍራሹ ላይ ተደግፋ ተቀመጠች። ዳኛው ከወጥ ቤት ሳያቋርጥ ይጮሃል።

"ዝም በል አንተ!" ይለዋል ጋስተን። "ነፋሱን ልትረታው ነው?"

ከዚያ ጸጥ አለ። ጋስተን ተስፈንጥሮ ተነሳ። "ጀልባዬን አይቼ ልምጣ፤ አንድ አፍታ።" ኤዝሊን በሩ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች። ቁመቷ የጋስተን ደረት ላይ ነው፤ ቢሆንም አላለፈም። በሩ የተከፈተው ከውጭ በጡጫ ሲደበደብ ብቻ ነበር። ጎረቤታቸው ሎሬታ ናት፤ ባዶ እግሯን፣ አንድ ብርድ ልብስ ተከናንባ።

"ጣራዬን ይዞት ሄደ፣ ኤዝሊንዬ! ሙሉውን!"

"ጣራ ይሂድ። አንቺ መጣሽ። ግቢ፣ ግቢ።"

በሩ ተዘጋ፤ ጠረጴዛ ተጠጋበት፤ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ተወተፈ። ወዲያው ጅራቱ ከሌላው ወገን መጣ። መጀመሪያ ከነበረው የባሰ ነበር። መሐል ላይ አንድ ከባድ ነገር መጥቶ የፊት በሩን ሲመታው ቤቱ ሁሉ ዘለለ። "እሱ የኔ ጣራ ነው" አለች ሎሬታ በሽንቁር አይታ፤ "ሊጠይቀኝ መጣ።" ባያስቅም ሳቁ። ቆርቆሮው ከነማገሩ በሩ ላይ ተጋድሞ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ ወደ ማፏጨት ወረደ። ሬዲዮው፣ "እየራቀ ነው፤ ነገር ግን ኃይለኛ ሽውታ ስለሚኖር ከቤት አትውጡ" አለ። ጋስተን እጁን አጨበጨበ።

"ሄደ! ማረን! ሳንቃውን ልንቀል።"

"ጅራቱ" አለች ኤዝሊን።

"ጅራቱ አልፏል እኮ።"

"የጅራቱ ጫፍ አለ። ስማው። ሽው ሲል አትሰማም? ቆርቆሮ እየበረረ ነው። በዚህ ቤት ጅራቱ ሳያልፍ ሳንቃ አይነቀልም።"

"እሺ እመቤቴ። ለነገሩ የፊት በሩ ተዘግቷል፤ ሲያባራ በመስኮት እንወጣለን። እስከዚያ ግን ዓሣዬ አይበሰብስም።" ለሚካ ክርስትና የተጠመደው ዓሣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሞልቷል። ጋስተን የወጥ ቤቱን በር ከፍቶ በረንዳው ላይ ወጣ፤ ገመዱን ሳበ፤ ጄኔሬተሩ አጓራ። በበሩ ስንጥቅ ሽቦ አሳልፎ፣ ማቀዝቀዣውን ሰክቶ አምፖሉን ሲያበራው ሎሬታ እልል አለች።

እንዴት ያለ ደስታ ነበር! በእርጥብ ክፍል ውስጥ አንድ አምፖል የንጉሥ አዳራሽ ያስመስላል። ሰርዲን ተከፈተ፤ ብስኩት ታደለ። ጋስተን ከኪሱ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ለሎሬታ በክዳኑ ቀዳላት፤ "ለጣራሽ ነፍስ ይማር" አላት። ዴልሲያ ሕፃኗን አጥብታ ጋደም አለች። ዳኛውም በመጨረሻ ዝም አለ።

"ተመስገን!" አለ ጋስተን። "ፍርዱን ጨርሶ ችሎቱ ተበተነ።"

ቀስ በቀስ ወሬው ላላ። ሎሬታ ራሷን ያዘች፤ "ወጋኝ። ለቅሶው ነው" አለች። ጋስተን ግድግዳ ተደግፎ አገጩ ደረቱ ላይ ወረደ። የቀን ድካም ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ኤዝሊንም ጉልበቷ እንደ ቅቤ ሲቀልጥ ተሰማት። ግንባሯን ይመታታል። ግን ደስ ይላል፤ ልትተኛ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ጣራው አለ፤ ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም።

ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም።

ዓይኗ ተገለጠ። መቼ ነው እሷ እንዲህ ብላ የምታውቀው? ባሏን በዳረችበት... ኧረ ባሏን ባገባችበት ቀን እንኳ ስለ ዳሱ ስትጨነቅ ነው የዋለችው። ጭንቀቷ ወዴት ሄደ? ቤቱን ሁሉ ተሸክማ የኖረች ሴት፣ ሸክሟን ማን እንዳወረደላት ሳታውቅ ልትተኛ ነው?

ከዚያ ዝምታው ተሰማት። ዳኛው በዕድሜው ዝም ብሎ አያውቅም። አምፖል እንኳ ሲበራ ነጋ ብሎ የሚጮህ ዶሮ ነው።

ግድግዳውን እየያዘች ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እግሯ የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ቅርጫቱ ሥር ተንበርክካ ስታይ ዳኛው በጎኑ ወድቋል፤ አፉ ተከፍቷል፤ ዓይኑ ላይ ያ ነጭ ሽፋን ወርዷል። ከበሩ ሥር ሞቃት፣ የነዳጅ ሽታ ያለው አየር ፊቷን ዳሰሳት። ከበሩ ማዶ ጄኔሬተሩ ደስ ብሎት ያጓራል።

በረንዳው።

በረንዳው ውጭ አልነበረም። ዛሬ አይደለም። ከወለል እስከ ጣራ፣ በራሷ ትእዛዝ፣ እያንዳንዱን ምስማር በራሷ ጣት ነክታ፣ ክፍል አድርጋዋለች። የሚወጣበት ያጣው ጭስ ደግሞ በበሩ ስንጥቅ ወደ ልጆቹ እየገባ ነው። ሕፃኗ ወዳለችበት።

ቅርጫቱን አንጠልጥላ ወደ መካከለኛው ክፍል እንዴት እንደተመለሰች አታውቅም። "ዴልሲያ! ዴልሲያ!" ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ መልሳ ጨፈነች። ሚካን አነሳቻት። ተንጠለጠለች፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ። ጉንጯን መታ መታ ብታደርጋት አላለቀሰችም።

መዶሻው እዚያው ትራሷ አጠገብ ነበር። ሕፃኗን በግራ ክንዷ ይዛ የመስኮቱን መዝጊያ ከፈተችና ሳንቃው ፊት ቆመች። ከሳንቃው ማዶ ነፋሱ አፏጨ፤ የሆነ ቆርቆሮ እየተንኳኳ አለፈ። ዕድሜዋን ሁሉ ይህን ሳንቃ የሚነካ እጅ ስትመታ ኖራለች። የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነው፤ አውሎ የሚገድለው ሄደ ሲሉት ነው።

"እውነትሽን ነው፣ እማ" አለች። "ውስጥ ነው ያለው።"

መታችው። ሳንቃው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልወጣም። ጋስተን ምስማር ሲመታ አይሰስትም።

"ጋስተን!" አልሰማም። መዶሻውን ጣል አድርጋ፣ ጥግ ያለውን የውሃ ባልዲ አንስታ ፊቱ ላይ ደፋችበት።

"ምን... እታለም?" ምላሱ ተሳስሯል። "ጅራቱ... ሳያልፍ?"

"ጅራቱ ገብቷል! ቤት ውስጥ ነው! ጄኔሬተርህ እየገደለን ነው፤ ተነስ አንተ የእናቴ ልጅ፣ ተነስ!"

እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። ተነሳ፤ ወደቀ፤ ደግሞ ተነሳ። መዶሻውን ከወለሉ አንስቶ ሁለቴ መታና ትከሻውን ሰጠው። ሳንቃው ከነምስማሩ ተፈንቅሎ ወጣ። ዝናብና ነፋስ አብረው ክፍሉ ውስጥ ተደፉ። ኤዝሊን እንደዚያ የጣፈጠ ነገር በአፏ ገብቶ አያውቅም።

ጋስተን መጀመሪያ ወጣ፤ ሚካን ተቀበላት። ቀጥሎ ዴልሲያን በብብቷ ጎትቶ አወጣት። ሎሬታ፣ "ደግሞ ወዴት ነው የምንሄደው?" እያለች በመስኮቱ ተንከባለለች። ኤዝሊን መጨረሻ ወጣች፤ ቅርጫቱን አስቀድማ ወርውራ። ከመሬት ሳትነሳ እጇን ዘረጋች። "ስጠኝ። ስጠኝ!"

ሕፃኗን ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ያዘቻት። አንድ ትልቅ የዝናብ ጠብታ አፍንጫዋ ላይ ወደቀ። ሌላም ወደቀ። ሚካ ግንባሯን ቋጠረች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀይ እስክትሆን አፏን ከፍታ ጮኸች።

"አልቅሺ!" አለች ኤዝሊን። "አልቅሺ የኔ እናት! ጎረቤቱን ሁሉ ቀስቅሺው!" እሷም አብራ ታለቅሳለች። ዴልሲያ ራሷን ይዛ አስታወከች፤ ከዚያ ልጇን ለመንካት እጇን ዘረጋች። ሎሬታ ሁለቱንም አቀፈች።

ጋስተን ጄኔሬተሩን ሊያጠፋ ወደ መስኮቱ ሲመለስ ኤዝሊን ሸሚዙን ያዘችው። "በቤቱ በኩል አይደለም! ከውጭ ሳንቃውን ንቀል። አየሩ ይውጣ። ከዚያ እጅህን ብቻ አስገባ።" እንዳለችው አደረገ። ማጓራቱ ሲቆም የባሕሩ ድምፅ ተሰማ።

ሎሬታ ብርድ ልብሷን ሰብስባ ወደ ቤቷ ፍርስራሽ መንገድ ጀመረች።

"ቁሚ!" አለቻት ኤዝሊን።

"ምነው ደግሞ?"

"ከፊትሽ ኩሬው ውስጥ ያለውን አታይም? የመብራት ሽቦ ነው።"

"መብራት እኮ በሙሉ ጠፍቷል።"

"ጄኔሬተሩስ ውጭ ነው ብለን አልነበረም እንዴ ውስጥ የተገኘው? ቁሚ አልኩሽ። ከሞት አፍ አውጥቼሽ ደግሞ ለሽቦ አልሰጥሽም። ባዶ እግርሽን ነሽ፤ ቆርቆሮው ሁሉ ምስማር ነው።"

ሎሬታ ቆመች። በዚያ ቀን ኤዝሊን የምትለውን ያልሰማ ሰው አልነበረም።

የጋስተን ጀልባ ከድጋፏ ወርዳ በጎኗ ተጋድማለች፤ ግን አልተሰበረችም። ከሆዷ ሥር ገብተው ተጠለሉ። ጥቂት ቆይቶ ወንዶች በገጀራ የወደቀ ዛፍ እየቆረጡ መንገዱን ሲከፍቱ፣ ነርስ አንሴልማ ከኋላቸው በጭቃ ጫማ መጣች። ሰምታ ስትጨርስ የአንዱንም ቀልድ አላዳመጠችም። የሁሉንም ዓይን አየች፤ የሚካን ትንፋሽ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች።

"ጥሩ ነው፤ በጣም ጥሩ ነው። ቢሆንም ሁላችሁም አሁኑኑ ሆስፒታል ትሄዳላችሁ፤ ቀለለኝ የሚል ሰው እንዳልሰማ። ማን ነው ያወቀው?"

"ዶሮው" አለ ጋስተን።

"እታለም ናት" አለ ቀጥሎ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ሆስፒታል ውስጥ ኦክስጅን ተሰጣቸው። ሚካ ጭምብሉን በትንሽ እጇ ልትገፋው ስትታገል ነርሶቹ ሳቁ። "ጉልበተኛ ናት፤ ምንም አልነካትም" አሉ። ኤዝሊን ሦስት የተለያዩ ሰዎችን ጠይቃ ሦስቱም አንድ መልስ ሲሰጧት ጊዜ አመነች። በማግስቱ ወደ ቤት ላኳቸው።

ሲደርሱ ግቢው በሰው ተሞልቷል። መንደሩ ዓሣው ሳይበላሽ እንብላው ብሎ ድንጋይ ጎልቶ እሳት አንድዷል፤ ሎሬታ የበቆሎ ገንፎ ታማስላለች፤ ወንዶች ቆርቆሮዋን ከበሩ ላይ አንስተው መልሰው ሊመቱላት ያቃናሉ። ኤዝሊን መጀመሪያ እያንዳንዱን ዓሣ አሸተተች፤ ለስለስ ያለውን ጣለችው፤ ማንም አልተከራከራትም። ጄኔሬተሩ ከቤቱ ርቆ፣ ከማንጎው ግንድ ጋር በጀልባ ሰንሰለት ታስሯል። የመጀመሪያው ሳህን እንደ መንደሩ ልማድ ለሞቱት ወላጆችና አያቶች ተቀምጦላቸዋል። ከሳህኑ አጠገብ ጋስተን ተንበርክኮ በመዳፉ በቆሎ ይዟል። ከመዳፉ ላይ የሚለቅመው ዳኛው ነው፤ አንድ ዓይኑ ገና ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም፤ ሲራመድም እንደ ሰካራም ወደ ግራ ይጎትተዋል።

"ችሎት ተቀመጠ ወይ?" አለችው ኤዝሊን።

"አፍሽን ያዢ" አለ ጋስተን። "ጌታዬ እየበላ ነው።"

አመሻሹ ላይ የኋላው በረንዳ ክፍት ነበር፤ አንድ ጣውላ አልቀረበትም፤ ባሕሩ ምንም እንዳላደረገ ሰው ለስልሶ ይታያል። ስልክ መሥራት እንደጀመረ መርከቧ ላይ ያለችው ልጇ ደወለች፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል።

"እማ! እማ፣ ልጆቹስ?"

"ሁለቱም እዚሁ ናቸው" አለች ኤዝሊን። "አደራሽ እዚሁ ነው። ይኸው አንዷ ትጮህብኛለች፤ ስሚያት።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሚካን ደረቷ ላይ አድርጋ በረንዳው ላይ ያለው የእንጨት ወንበሯ ላይ ተደገፈች። ልትነሳ ሦስት ምክንያት ነበራት። የውሃ ጉድጓዱ ክዳን መታየት አለበት፤ የሎሬታ እግር መድኃኒት ሊቀባ ይገባል፤ ያ ሽቦ ደግሞ እስኪነሳ ሰው ዘብ ይቁምበት። አንዱንም ሳታደርግ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጋስተን ከጓሮ ሲመጣ ቆም አለ። እህቱ ዝም ብላለች። ማንንም እየተቆጣች አይደለም፤ ምንም እየቆጠረች አይደለም። ፊቱ ተለወጠ። በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ቀረበና ጆሮውን ወደ አፍንጫዋ ዝቅ አደረገ።

"አልሞትኩም" አለች ኤዝሊን፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። "እግርህን ጠርገህ ግባ።"

"ውጭ ነሽ እኮ፣ እታለም።"

"አዎ" አለች። "አሁን ውጭ ነው።"